ዘውድ ወይስ ጎፈር

ከወንድሜ ጋር ቡታጅራ የብረት በር እንሠራ ነበር። መስቀል ደረሰ፤ የጋሽ ከድር በር ግን አላለቀም። ጋሽ ከድር የመስቃን ገበሬ ናቸው። አንዳችን አገር ቤት ሄዶ ክትፎ ሊበላ፣ አንዳችን ቀርቶ ሊበይድ ሆነ። ዕጣ እናውጣ ተባባልን። ሳንቲም ላይ ዘውድ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! ወንድሜ ግን "ዘውድ!" አለ፤ እኔም "ጎፈር!" ብዬ ሃምሳ ሳንቲሟን ወረወርኳት።

መሬት ከመንካቷ ጋሽ ከድር ድንገት ደርሰው በጫማቸው ረገጧት። "ምንድን ነው ይሄ?" ነገርናቸው።

"ወላሂ ጉድ ነው! እናታችሁ 'ወንድምህስ?' ስትል፣ 'ሳንቲም አስቀረው' ልትሏት ነው? ሁለታችሁም ሂዱ። በሩ ይደርሳል።"

ሳንቲሟንም ሳያሳዩን ኪሳቸው ከተቷት።

ከበዓሉ መልስ በሩን ስንገጥምላቸው ያችኑ ሃምሳ ሳንቲም አወጡና "በሉ፣ ሻይ ጠጡባት" አሉን። በገዛ ሳንቲማችን ሲጋብዙን መርቀን ተቀበልን።