ፊውዝን በሽቦ ማሰር

የቤቴን በር ማጠፊያ ላስበይድ ቡልጋሪያ ሰፈር ካለው የአቶ ዘርአይ ብየዳ ቤት ጎራ ብል፣ ሰውየው የብየዳ ማሽናቸውን ለቆራሌ ሊሸጡ ሲሉ፣ ልጃቸው ሩሐማ ደግሞ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ «አልነሣም» ስትል ደረስኩ። መምህር ነኝና ክርክር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ቆምኩ።

«ተነሺ ልጄ! ፊውዙ ሲቃጠል ሁለት ጊዜ በመዳብ ሽቦ አሰርኩት። ጢሱን አጨሰና ሞተ፤ በቃ።»

«የገደለው እኮ ሽቦው ነው አባባ! ፊውዝ የሚቃጠለው ውስጡ ችግር አለ ብሎ ሊነግርዎ ነው። እርስዎ አፉን ለጎሙት።»

«ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ!»

«የድሮው ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ስላልነበረው ቻለዎት። ይሄ አይችልም።»

«ኮሌጅ ያስተማርኩሽ ቢሮ እንድትገቢ ነው እንጂ ብረት ቤት እንድትጠቁሪ አይደለም!»

«ቢሮ አልገባም! ማሽኑን ካዳንኩት እዚሁ ከእርስዎ ጋር እሠራለሁ። ካቃተኝ ቆራሌው ይውሰደው፤ እኔም ቢሮዬን እፈልጋለሁ።»

«እሺ! መምህር፣ ምስክር ይሁኑ» አሉኝ። ልጅቷ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ሩሐማ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለች። ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙትን ኤሌክትሪክ በአምፖል አስጨረሰች፤ «ተነቅሎም ሰው ይገድላል» አለችን። በብረት ብናኝ የጠቆረውን ቦርድ በብሩሽ ጠርጋ በቴስተር ስትለካ፣ ሁለት ትራንዚስተሮች ተቃጥለው አገኘች። አምና በዚያው በሽቦ ጣጣ ከሞተው ሌላ ማሽን ደህናዎቹን ነቅላ በካውያ በይዳ ተካቻቸው፤ ትክክለኛውን ፊውዝም አስገባች።

«በይ ሰኪው!»

«በቀጥታ አይሰካም! መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ በአምፖል በኩል ይለፍ። አምፖሉ ቦግ እንዳለ ከቀረ ማሽኑ አልዳነም፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ድኗል።»

ሰካችው። አምፖሉ ቦግ አለ። አቶ ዘርአይ «አላልኩሽም?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ደበዘዘ። ያኔ በቀጥታ ሰክታ ኤሌክትሮዱን ሰጠቻቸው፤ ብረቱ ላይ ቢነኩት ጥሩ አድርጎ በየደ። እኔ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

«ያየሁትን አልክድም» አሉ አቶ ዘርአይ። «ከእንግዲህ እዚህ ቤት ብናኙ በየሳምንቱ ይጠረጋል። የተቃጠለ ፊውዝ ምክንያቱ ተፈልጎ በልኩ ይተካል፤ ማሽናችን ይከርማል፣ ሠራተኛውም በኤሌክትሪክ አይመታም። ፊውዝ በሽቦ ያሰረ ሥራውን ይለቃል፤ እኔም ብሆን!»

«ቢሮውስ?» አልኳቸው።

አቶ ዘርአይ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ነገ በሁለት ሰዓት ግቢ። ብታረፍጂ፣ ልጄ ናት ብዬ አላስገባም።»

«እርስዎም እንዳያረፍዱ» አለቻቸው።