የኦቦ ሁንዴ ቀይ እስክሪብቶ

እንደምን ዋላችሁ፣ አካም ኦልተኒ። ኦቦ ሁንዴ፣ እባክዎ በመስኮቱ ወደ በሩ ማየቱን ይተዉና ወደ እኔ ይዙሩ። በሩ ላይ ሰው አለ። መታወቂያውንም ስገባ እኔ ራሴ አይቼለታለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ተስፋነሽ እባላለሁ፤ ከንብረት ክፍል ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ፋብሪካ ግምጃ ቤት ውስጥ ከብርድ ልብስ ጋር ስኖር ድምፄም ታፍኖ ቀርቷል። ከኋላ ያላችሁ ካልተሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። በስብሰባ ላይ እንኳ አፌን የማልከፍተው ሴትዮ ዛሬ ለምን እንደቆምኩ የገረማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ሌላም የገረማችሁ ነገር አለ። የኦቦ ሁንዴ ክሊራንስ ላይ ሁሉም ክፍል ፈርሟል፤ ያልፈረምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱ ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ያለሱ ጡረታቸው አይንቀሳቀስም። አስተዳደር ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ዓርብ» ብያለሁ። ዛሬ ዓርብ ነው። ምክንያቱን ሳልናገር አልቀመጥም።

መጀመሪያ ግን እንሳቅባቸው። ሃያ ስድስት ዓመት በር ላይ ቆመው ቦርሳችንን ሲገለብጡ የኖሩ ጥበቃ ዛሬ እንዲሁ በነጻ አይወጡም።

ኦቦ ሁንዴ የተቀጠሩ ዕለት «ቀሪ» ተብለው ነው የተመዘገቡት። የአዳሩ ጥበቃ «ተተኪዬ ይመጣል» ብሎ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። እሳቸው በአንድ ሰዓት ከፉሪ በእግራቸው ሲመጡ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የሚፈትሽ ሰው የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይገባል። እሳቸው ምሳቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አምስት ሰዓት ላይ የያኔው የአስተዳደር ኃላፊ ወጣ።

«ማን ነህ አንተ?»

«አዲሱ ጥበቃ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አትገባም? ቀሪ አድርጌሃለሁ እኮ!»

«የሚፈትሸኝ ሰው የለም።»

«ፈታሹ አንተ ነህ!»

«እሱማ ከገባሁ በኋላ ነው።»

የግማሽ ቀን ደመወዝ ተቆረጠባቸው። ነገር ግን በእነዚያ አራት ሰዓታት ማንም በዚያ በር አልገባም። የመጣውን ሁሉ «ፈታሽ የለም፣ እዚህ ቁም» እያሉ ድንጋዩ አጠገብ አሰልፈውት ነበር። ከተሰለፉት አንዷ እኔ ነኝ። ቀሪም ተብያለሁ። እስካሁን ይቅርታ አልጠየቁኝም።

ወይዘሮ ደጊቱ እዚህ ስላሉ ይመስክሩልኝ። ምሳ ይዘውላቸው ሲመጡ ባለቤታቸው በር ላይ ያስቆሟቸዋል።

«ለማን ነው?»

«ላንተ ነዋ!»

«ምንድን ነው?»

«ክፈተውና እየው፣ ሰውዬ!»

ይከፍቱታል። ሽሮ መሆኑን አረጋግጠው «ይለፍ» ይላሉ፤ ከዚያ ራሳቸው ይበሉታል።

እኔም አላመለጥኩም። በዕረፍት ሰዓቴ መጽሐፍ እንደማነብ ታውቃላችሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቀሪውን ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ባሌ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። ባል ስል የብርድ ልብሱን እስር ማለቴ ነው፣ አትሳቁ። ማታ ስወጣ ኦቦ ሁንዴ መጽሐፉን ይቀበሉና ቅጠል በቅጠል ይገልጡታል፤ የፋብሪካ ወረቀት ተደብቆ እንዳይወጣ። ታዲያ አንድ ቀን ሃምሳኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆዩብኝ። ቆዩ። ሰርቪሱ ሄደ። በመጨረሻ ቀና ብለው «ይቺ ሴትዮ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ የምመርጠው ለሁለት ሰው ነው።

ቀዩ እስክሪብቶስ? ከዚህ ግቢ ዕቃ የሚወጣው በመውጫ ወረቀት ነው፤ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛት፣ ፊርማ፣ ማህተም። ኦቦ ሁንዴ ወረቀቱን ሲቀበሉ ካነበቡ በኋላ በኪሳቸው ካለው ቀይ እስክሪብቶ ጋር ይመካከራሉ። ባዶ የቀረውን መስመር ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያሰምሩበታል፤ ሌላ ሰው ምንም እንዳይጨምርበት። ልማድ ሆኖባቸው፣ የኮምፒውተር ባለሙያችን ያቤጽ ሲያገባ በዞረው የመልካም ምኞት ካርድ ላይ ሰባተኛ ፈራሚ ሆኑ። ስማቸውን ጻፉ። ከስማቸው በታች እስከ ካርዱ ግርጌ በቀይ ሰረዙት። ሠላሳ ሰው ለያቤጽ መልካም ጋብቻ ሳይመኝ ቀረ። ትዳሩ ግን ደህና ነው፣ አይደል ያቤጽ?

እንግዲህ ስለ ያቤጽ ከተነሳ ልቀጥል። የሚቀጥለውን እንድናገር ፈቅዶልኛል። ምን ያህል እንደፈቀደልኝም በዝርዝር ጠይቄዋለሁ፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ አሁን ይገባችኋል።

በዚህ ግቢ ውስጥ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው ኦቦ ሁንዴ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ግማሹ ሠራተኛ ክሪፕቶ የሚሉትን የኢንተርኔት ገንዘብ ጀምሮ አልነበር? የዚህ ፋብሪካ ክሪፕቶ በሙሉ የሚንቀሳቀሰው፣ ስልካቸው ከመደወልና ባትሪ ከማብራት በቀር ምንም በማትሠራ ሰው ጎን ነበር። እሳቸውም ሰልፍ ያስይዙ ነበር።

አንድ የምሳ ሰዓት ላይ የጥራት ቁጥጥሯ ሬሐና እዚያ ተቀምጣ ከማስታወሻ ደብተሯ ላይ ወደ ስልኳ ትገለብጣለች። ሬሐና ትርፍ ሰዓቷን ለውጭ አገር ደንበኛ የልብስ ንድፍ እየሠራች፣ ክፍያዋን በክሪፕቶ ስልኳ ላይ ዋሌት በሚሉት የገንዘብ ቦርሳ ውስጥ ታጠራቅም ነበር፤ ቡራዩ ላይ የልብስ ስፌት ልትከፍትበት። እኔ ከኋላ ተራዬን እጠብቃለሁ። ያቤጽም አለ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አሏት ኦቦ ሁንዴ።

«አሥራ ሁለት ቃላት ነው። ድረ ገጹ ነጻ ሳንቲም እያደለ ነው፤ ዋሌቴን ለማረጋገጥ ቃላቱን አስገቢ አለኝ።»

«ቃላቱ ምን ያደርጋሉ?»

«ስልኬ ቢጠፋ በሌላ ስልክ ገንዘቤን የምከፍትባቸው ናቸው። እንደ ቁልፍ በሉት።»

«ቁልፍ።» ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ በዚህ በር ላይ መታወቂያ እጠይቃለሁ፣ ቦርሳ እፈትሻለሁ። አንድ ቀን የቤትሽን ቁልፍ ስጪኝና ግቢ ብልሽስ?»

«እንዴ! ሌባ ነዎት እላለሁ።»

«ታዲያ ይሄኛውን ለምን አላልሽም?»

«ኦቦ ሁንዴ፣ ይሄ እኮ ታዋቂ ነው! ምልክቱን ይዩት፣ ቀለሙን ይዩት፣ ያው ራሱ ነው።»

«የኛን የደንብ ልብስ ለብሶ የሚመጣ ሌባ አይተሽ አታውቂም? ልብሱን ተይው። ራስሽ ነሽ የሄድሽበት ወይስ ሰው መንገድ አሳይቶሽ?»

«ሱሉልታ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት ሊንኩን በቴሌግራም የላከችልኝ።»

«ደውዪላት።»

«ሰዓት እየቆጠረ ነው እኮ! ስምንት ደቂቃ ነው የቀረኝ፤ ካለፈ ይዘጋል።»

«ይዘጋ። እኔን በዚህ በር ላይ ያስቸኮለኝ ሰው ሁሉ ቦርሳው ውስጥ የሆነ ነገር ነበረው። ደውዪ።»

ደወለች። የአክስቷ ልጅ ጩኸት እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፦ «እኔ ምንም አልላክሁልሽም! ቴሌግራሜ ከትናንት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል፤ የሆነ ሰው ገብቶበታል!»

ሬሐና ስልኳን እንደ ትኩስ ድንች ጉልበቷ ላይ ጣለችው። ዘጠኝ ቃላት ጽፋ ነበር። ሦስት ነው የቀሯት።

ያኔ ያቤጽ በቀስታ «እኔ ባለፈው ሳምንት ገብቼበታለሁ» አለ። «ቃላቱን እንኳ አልሰጠሁም። ዋሌትህን አገናኝ አለኝ፣ አገናኘሁ። ፍቀድ አለኝ፣ ፈቀድኩ። ደቂቃ አልፈጀም፤ ባዶ ሆነ።»

«ምን ያህል ነው የፈቀድክለት?» አሉት ኦቦ ሁንዴ።

«ኋላ ሳየው... ያልተወሰነ ይላል።»

«ያልተወሰነ!» ኦቦ ሁንዴ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። «ብዛቱ ያልተወሰነ የመውጫ ወረቀት ላይ ፈረምክ? ከነማህተሙ? አንተ? የኮምፒውተር ባለሙያው?»

«ለዚህ እኮ ነው ለማንም ያልተናገርኩት። አፈርኩ።»

ኦቦ ሁንዴ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ያለ ቁጣ እንዲህ አሉት፦ «ያንተ እፍረት ዛሬ ይቺን ልጅ ሊያስከፍላት ነበር።»

ያን ቀን ዓይናቸው ያቤጽ ላይ ነበር። የሰማሁት ግን እኔ ነኝ።

ያቤጽ ከዚያ በኋላ ወንድ ወጣው። በዚያው ሳምንት እዚሁ ክበብ ውስጥ ቆሞ እንዴት እንደተዘረፈ ከሀ እስከ ፐ ነገረን። በተላከ ሊንክ አትግቡ፤ አድራሻውን ራሳችሁ መዝግባችሁ በዚያ ብቻ ሂዱ። አሥራ ሁለቱን ቃላት የሚጠይቅ ሁሉ፣ እረዳችኋለሁ ባይም ቢሆን፣ ሌባ ነው። ፍቀድ ሲላችሁ ለማን፣ ምን ያህል ብላችሁ አንብቡ። ከተሳሳታችሁም ፈቃዱን ሰርዙ፣ የተረፈውን ወደ አዲስ ዋሌት አውጡ፣ በዚያው ሰዓት ለሰው ተናገሩ። የሰማነው ሁላችን ድነናል። ሬሐና ዛሬ ከቡራዩ የመጣችው ሱቋን ዘግታ ነው፤ ያ ኦቦ ሁንዴ የለበሱት ኮት የሷ ስፌት ነው። ኪሶቹን ከመልበሳቸው በፊት ፈትሸዋቸዋል።

አሁን ወደ ክሊራንሱ ልምጣ።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ባለቤቴ ኩምሳ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። አንድ ቀን የሐኪም ቀጠሮው ሊያልፍብኝ ሆነ፤ የሚጫነው መኪና ደግሞ ገና አልቀረበም። በመውጫ ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ፣ ማህተም መታሁበት፣ ብዛቱን ባዶ ትቼ ለጫኞቹ «ስትጭኑ ሙሉት» ብዬ ሮጥኩ። ሃያ ብርድ ልብስ መውጣት ሲገባው ስድሳ ወጣ። ኮሚቴ ተቀመጠ። «አንቺ ስንት ብለሽ ጻፍሽ?» አሉኝ። «ሃያ» አልኩ። አንድ ቃል ናት። በሷ ምክንያት ቁጥሩ በር ላይ ተለውጧል ተባለ፤ ኦቦ ሁንዴ ከፈረቃ ኃላፊነት ተነሱ፣ ማስጠንቀቂያውም ማህደራቸው ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። እኔ ደመወዜ ቢቋረጥ ኩምሳን በምን አሳክመዋለሁ ብዬ ነበር። ኩምሳ በዓመቱ አረፈ። ምክንያቴም አብሮት ተቀበረ። እኔ ግን ዝም አልኩ።

ኦቦ ሁንዴ ቀዩን እስክሪብቶ የገዙት ኮሚቴው በተነሳ ሳምንት ነው። ስንስቅበት የኖርነው የኔ ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት የበሩን ሰነዶች ለርክክብ ስቀበላቸው ያንን ወረቀት ሳጥናቸው ውስጥ አገኘሁት። ኮሚቴው ያየው የካርቦን ቅጂውን ነበር፤ ካርቦን ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀለም ያደርገዋል። በር ላይ የቀረው ዋናው ግን ፊርማዬ ሰማያዊ ነው፣ «ስድሳ» የሚለው ጥቁር ነው፣ ጽሕፈቱም የኔ አይደለም፤ ከሥሩም የተፋቀ «ሃያ» የለም። ሲያዩት የሚለይ ነው። ሰኞ ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«አንቱ፣ ይሄን ይዘው ለምን አላሳዩም?»

«ያኔ ኩምሳ አልጋ ላይ ነበር። ከዚያ ደግሞ ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩ።»

«አሥራ ሰባት ዓመት?»

«በር ላይ የቆመ ሰው ምን ሌላ ሥራ አለው?» አሉኝ።

ኦቦ ሁንዴ፣ አይነሡ። ይቀመጡ፣ አልጨረስኩም። ዛሬ ጠዋት የሆነውን ሁሉ ጽፌ፣ ዋናውን ወረቀት አያይዤ ለአስተዳደር አስገብቻለሁ። ማስጠንቀቂያው ከእርስዎ ማህደር ወጥቶ ወደ እኔ ይዛወር ብያለሁ። የሚሉኝን እቀበላለሁ። ክሊራንሱን እስከ ዛሬ ያቆየሁት ይህ ደብዳቤ ሳይገባ «ከንብረት ክፍል ምንም ዕዳ የለበትም» ብዬ ብቻ መፈረም ስላልቻልኩ ነው። ባለዕዳው ንብረት ክፍል ነው። ይኸው፣ ሁላችሁም እያያችሁ ፈረምኩ።

ስለ ኩምሳ አመሰግናለሁ። ስላልተጻፉት ሦስት ቃላት በሬሐና ስም አመሰግናለሁ። ስለፈተሹን ሁሉ እናመሰግናለን፣ ጋለቶማ።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ፤ ቢራ የያዛችሁም ለስላሳ የያዛችሁም። መናገሻ ያለው እርሻዎ ያፍራ፤ ወይዘሮ ደጊቱ ምሳ ሲያቀርቡልዎት ሳይፈትሹ ይብሉ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ፈያ ታኣ!

ስጦታዎ ከእጃችን የወጣ ብርድ ልብስ ነው፤ ሌላ ነገር አናውቅም። ያለ መውጫ ወረቀት እንደማይወስዱት ስለማውቅ ወረቀቱን ራሴ ሞልቼዋለሁ። ብዛት በአኃዝ አንድ፣ በፊደል አንድ፣ ፊርማ፣ ማህተም፤ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ። ከሱ በታች ያሉትን ባዶ መስመሮች አልነካኋቸውም። ቀዩን ያውጡና አንቱ ያስምሩበት።