ያልተሰረዘው ቆጠራ

ነይ ግቢ፣ የኔ እመቤት! ያቺን ጨርቅ ገፋ አድርጊና ቁጭ በይ። በሩን ግን አትዝጊው... ወበቅ ነው። ውጭ መኪናችሁ አጠገብ የቆመ ሰውም ካለ ነፋሱ አይጎዳውም። ባልሽ ደህና ነው? ጣቶቹስ? ቤዝ ጊታር ጣት ይጨርሳል ይላሉ። የልጅሽ ቀሚስ ጫፉ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እያወራን እጨርሰዋለሁ።

የነባልሽን አልበም ሰማሁት እኮ! የመጨረሻቸው አይደል? አሥራ ስድስት ዓመት እዚሁ ጓዳዬ ሲለማመዱ ግድግዳው እንኳ ሮክ ለመደ። እሁድ ምሳ ላይ ወንድሜ ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ «አሁን እኔ ስመታ ስሙ» አለን። ድራሙ መጣ... የሱ አልነበረም። ስሙን አልጠራም፤ ማይክራፎኑን የሚይዘው አሳቢ ሰው፣ ወንድሜ የመታውን ሁሉ አስጠፍቶ በኮምፒውተር አስመትቶታል። እንዳይከፋው ብሎ ደግሞ አልነገረውም። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከየት ይገኛል?

የወንድሜን ልማድ ታውቂ የለ? ዘፈን ሊጀመር ሲል እንጨቶቹን እያጋጨ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» ይላል። ድራሙን ሲያጠፉ ያንን ረስተውታል! አሥሩም ዘፈን ላይ ወንድሜ ቆጥሮ ያስገባቸውና... እሱ ውጭ ይቀራል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ይባል ነበር፤ እነሱ እጁን አስቀርተው ተገላገሉ። ምነው ታዲያ ይቺን የስፌት መኪናዬን አልወሰዷት? እሷም ሳትሳሳት ትመታለች።

የአልበሙን ወረቀትም አነበብኩት። እኔ መቼስ የሳሙና ካርቶን እንኳ ሳላነብ አልጥልም። የምስጋናው ርዝመት! የጥርስ ሐኪሙ አለ፣ ጎረቤቱ አለ፣ ድመቷ ሳትቀር ተመስግናለች። ወንድሜ... ቦታ አልበቃ ብሎ ይሆናል፤ ድመቷ ወፍራም ናት መሰል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ፤ ያ አሳቢ ሰው ግን ጠጠርም አልወረወረለትም። ጨዋ ሰው!

እና ለአርቡ መሰነባበቻ ኮንሰርት ድራም መቺ ጠፋ ነው የምትዪኝ? ኮምፒውተሩ ምን ነካው... ሰው ፊት ያፍራል? የተላክሽ ነሽና አልፈርድብሽም። ወንድሜን ግን ብታዪው። ማንኪያ በያዘ ቁጥር ጠረጴዛውን እየደበደበ «ኧረ ተው!» ስንለው የኖረ ሰው፣ ከእሁድ ወዲህ ድምፁን አጥፍቶ ይበላል። ትናንት «ተው» የምለው አጥቼ አለቀስኩ።

እምቢ አስብዬው እንዳይመስልሽ። እንደምትመጪ ገምቶ መልሱን ራሱ ነው የሰጠኝ፤ ይኸው፣ ሁለቱ እንጨቶች። በጨርቅ ጠቅልዬልሻለሁ፤ እንዳይሰበሩ። «ለሚመታላቸው ይስጡት» ብሏል።

ቀሚሱም አለቀ፤ ልጅሽ በጤና ትልበሰው። ለዚያ አሳቢ ሰውም ምርቃቴን አድርሺልኝ... ባታደርሺውም በሩ ክፍት ነው፤ መኪናችሁ ድረስ ይሰማል። ዕድሜውን ያርዝመው። ድምፁ የሚዘጋበት፣ ጉልበቱ የሚከዳበት ቀን ሲመጣ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ወዳጅ ከጎኑ አይጥፋ። አሜን በይ እንጂ!... ጮክ ብለሽ።