ከቀኝ ቅንድብ በላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ፍርሃት ሰውን ጨዋ ያደርገዋል። ያን ቀን ጠዋት በዓይን ክሊኒኩ ኮሪደር የተቀመጥነው ሁሉ «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይለፉ» የምንባባለው ትህትና ሞልቶን አልነበረም፤ በውስጠኛው በር መግባት የቸኮለ ሰው ስላልነበረ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የመድኃኒት ሽታ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ጫማችንን ማየት እንጀምራለን።

እኔ ታማሚ አልነበርኩም፤ የመጣሁት ታላቅ ወንድሜን ይዤ ነው። እኔ መምህር ነኝ፣ እሱ አናጢ ነው። አባታችን ሲሞት እሱ ትምህርቱን ትቶ መጋዝ ያነሳው እኔ ደብተሬን እንዳልጥል ብሎ ነው። አፌ ወንድም ጋሼ ይለዋል፤ በልቤ ግን አባቴ ነው። ያን ዕለት ዓይኑን ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ነበር። በሽታው ሐኪሞች ግላኮማ፣ እኛ ደግሞ የዓይን ግፊት የምንለው ነው። ሳያምም፣ ሳይቆረቁር፣ ብርሃንን ከዳር ከዳር እየሸረፈ ይሄዳል፤ የሸረፈውን ደግሞ አይመልስም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጥቼ ነበር።

ከወንድም ጋሼ ቀኝ ቅንድብ በላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፤ «ቀዶ ጥገና የሚደረግለት ዓይን ይህ ነው» ለማለት ነው። የለጠፉት የክሊኒኩ አንጋፋ ነርስ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሰው ዓይን ጠብታ ሲያንጠባጥቡ ስለኖሩ ባልደረቦቻቸው ጋሼ ጠብታ ይሏቸዋል። እጃቸው ለስላሳ፣ አንደበታቸው ጣፋጭ፣ ቁጣቸው ግን የክብሪት ነው።

ወረፋችን ሲዘገይብኝ «ምን ተፈጠረ?» ልል ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ሄድኩ። ጋሼ ጠብታ ከውስጥ ቆመው ከአንዲት ወጣት ጋር ይከራከራሉ። ልጅቷ የተማረችው የሕክምና መረጃ አያያዝ ነው፤ ክሊኒኩ የቀጠራት አዲሱ የበሽታ መለያ ኮድ ደንብ ሲመጣ ነውና ባለኮዷ ይሏታል። ሁለቱም አላዩኝም። ጨዋ ሰው ጆሮ አይጥልም፤ እኔ ግን የወንድሜን ካርድ በእጇ ስላየሁ ጨዋነቴን ለጊዜው አስቀመጥኩት።

«ልጄ፣ ሰውየው ተዘጋጅተዋል፤ ሐኪሙ እጁን ሊታጠብ ነው። ስማቸውን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አሳልፊልኝ» አሉ ጋሼ ጠብታ።

«እኔ እምቢ አላልኩም ጋሼ፤ ኮምፒውተሩ ነው እምቢ ያለው።»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩን ምከሪው!»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ካርዱ ላይ የተጻፈው ‹ግላኮማ፣ ሁለቱም ዓይን፣ እንደ ቀድሞው› ይላል። ከዚህ ሌላ የለውም። አዲሱ ደንብ ይህን አይቀበልም። ግላኮማው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው ዓይን ላይ እንዳለ፣ ደረጃው ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆኑ መጻፍ አለበት። ያውም ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው።»

ይህ ኮድ የሚሉት ነገር ለማያውቀው ሰው የቢሮ ጣጣ ይመስላል፤ እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ነገሩ ግን ቀላል ነው። እያንዳንዱ በሽታ በፊደልና በቁጥር የራሱ መለያ ተሰጥቶታል፤ በሽተኛውን አይቶ የማያውቅ ሐኪም እንኳን መለያውን ባየ ጊዜ የተጻፈውን እንዲያውቅ ነው። ታዲያ መለያው ሊናገር የሚችለው መርማሪው የጻፈውን ብቻ ነው።

«ስሚ ልጄ» አሉ ጋሼ ጠብታ ካርዱን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። «እኔ እዚህ ቤት ስገባ አንቺ አልተወለድሽም። ያኔ ኮድ የለም፤ ሰው ግን ይድን ነበር።»

«ይድን ነበር ጋሼ፤ ምስክር ነኝ፤ አያቴን ያዳኗት እርስዎ ነዎት። ያልዳነውንስ ማን ጻፈው?»

ሽማግሌው መንገድ ቀየሩ። «ዓይን መንትያ ነው። ሕመሙ አንዱን ከያዘ ሌላውን አይምርም፤ ዛሬ ባይሆን ነገ ይደርስበታል። ለዚህ ነው ሁሉንም ‹ሁለቱም› የምለው። ውሸት ነው?»

«ውሸትስ አይደለም። ግን ሁለት ወንድማማቾች ታመው አንዱን ጉንፋን ቢይዘው፣ ሌላው ጣር ላይ ቢሆን፣ ‹ሁለቱም ታመዋል› ብለው ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ?»

«ሐኪሙ ያውቃል እኮ!»

«የሚያውቁት የቀድሞው ሐኪም ነበሩ። ካርድ ሳይገልጡ ፊት አይተው ‹ያንተ ግራው ነው› ይሉ ነበር አሉ። ለእኚህ ሰው የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጥተው ጡረታ ወጥተዋል፤ የሚያውቁትንም ይዘውት ሄደዋል። የዛሬው ሐኪም ለእነዚህ ሰዎች እንግዳ ነው።»

«እሺ፤ ኮሪደሩንስ አይተሽዋል?» አሉ ጋሼ ጠብታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ዓይን፣ ለእያንዳንዱ ዓይን ዓይነትና ደረጃ ስጽፍ መቼ ነው የማክመው? ታማሚውን ትቼ ጸሐፊ ልሁን?»

«አልዋሽዎትም፤ ሥራ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ወረፋው ይረዝማል፤ ሰውም ያማርራል። እጅ ሲለምደው ግን ይቀላል፤ እስከዚያው እኔም ከጎንዎ እቀመጣለሁ።»

እንዲህ ያለች መልስ ደስ ትለኛለች። ለውጥን ይዞ የሚመጣ ሰው ሸክሙን ደብቆ ጥቅሙን ብቻ ሲያወራ አምኜው አላውቅም። ጋሼ ጠብታም እንደኔ ሳይሆኑ አልቀሩም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲናገሩም ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

«እኔ እኮ እፈራለሁ፣ ልጄ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ‹ሁለቱም› ስል ማንም አይዘኝም። ‹ግራ፣ ከባድ› ብዬ ጽፌ ብሳሳትስ? እዚያ የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ስህተቴ ከነስሜ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ‹ሽማግሌው አልቻለም፤ ይሸኝ› ነው የሚሉኝ። ጡረታዬ ሳይደርስ በስተርጅና የት እገባለሁ?»

እኔ ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ አዘንኩላቸው። ስንቱ የሠራ ሰው ነው ስንፍና የሚመስል ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ ፍርሃት የሚሸሽገው!

«እኔም እፈራለሁ» አለች ቀስ ብላ። «አንድ ቁጥር ብሳሳት ሰው ያልታመመውን ታሞ ያድራል። ግን ይኸውልዎት፣ ደንቡ ለማያውቅ ሰውም መውጫ አለው። ተመርምሮ ደረጃው ሊለይ ካልቻለ ‹ሊለይ አልቻለም› የሚባል የራሱ ኮድ አለ፤ እሱን መጻፍ ነውር አይደለም። ነውሩ ሳይመረምሩ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። ለዚያም ሌላ ኮድ አለ፤ ‹አልተገለጸም› ይባላል። የቀዶ ጥገና ክፍሉ የማይቀበለው እሱን ነው።»

ጋሼ ጠብታ ሰዓታቸውን አዩ፤ ክብሪቱ ተጫረ። «በቃ፣ በቃ! ምክሩ ለነገ ይቆየን። አሁን ‹ቀኝ› በይና አስገቢ፤ ፕላስተሩ ቀኝ ላይ አይደል?»

«ፕላስተሩ ከየት መጣ?»

«ከእኔ ነዋ! ‹የሚያስቸግርዎት የቱ ነው?› አልኳቸው፤ ቀኙን ጠቆሙኝ።»

ይህን ስሰማ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ። ወንድም ጋሼን ቀኝ ዓይኑ እንደሚያስቸግረው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ያስለቅሰዋል፣ ያሳክከዋል፣ ሲያሸው ይውላል። ግን ይህ የጀመረው ግላኮማ የሚባል ነገር ሳንሰማ በፊት ነው። እንጨት ሲሰነጥቅ ቀኝ ጎኑን ወደ መጋዙ አዘንብሎ ስለሚቆም ሰጋቱራው የሚያርፈው እዚያ ዓይን ላይ ነው።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» ብዬ በመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ። ያልኩትን በትክክል አላስታውስም። ብቻ «ወንድሜ አናጢ ነው፤ ቀኙ ሰጋቱራ ነው፤ ሰጋቱራ ነው» እያልኩ ሳልደጋግም አልቀረሁም።

ባለኮዷ ወደ ጋሼ ጠብታ ዞረች። «ግላኮማ አያሳክክም፤ አያስለቅስም። ጋሼ፣ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የሚያስቸግራቸውን ጠየቋቸው፤ የሚታወሩበትን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ደግሞ ያልተለካ ዓይን ገምቼ አላስገባም፤ መገመት የእኔ ሥራ አይደለም።»

ሽማግሌው ተነሥተው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ወንድም ጋሼ ያው ቦታው ላይ እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል አድርጎ ተቀምጧል። ጋሼ ጠብታ ፊት ለፊቱ ወንበር አስቀመጡና ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ እንዲሸፍን አዘዙት።

«አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ። ጣቴን ያዩ ጊዜ ‹አየሁ› ይበሉኝ።»

ጣታቸውን ከወንድሜ ግራ በኩል ከሩቅ አነሡ። እኔ ከኋላው ቆሜ ነበርና ከመጀመሪያው አየሁት። ጣቱ ቀረበ፤ ወንድም ጋሼ ዝም። በትከሻው አቅጣጫ አለፈ፤ ዝም። ጆሮው አጠገብ ደረሰ፤ ዝም። «አየሁ በል» እያልኩ በሆዴ እለምነዋለሁ። ጣቱ ጉንጩን ሊነካ ሲል ወንድም ጋሼ በፈገግታ «ጋሼ፣ አይጀምሩም እንዴ?» አለ።



ጣቱ አፍንጫቸው ጋ ሊደርስ ሲቃረብ ብቻ ነው «አየሁ» ያለው። ከዚያ ግራውን አስሸፍነው ቀኙን ፈተኑት፤ ጣታቸውን ገና እንዳነሡ «አየሁ» አለ። ለካስ ግራ ዓይኑ ከወገን ተለይቶ ብቻውን ሲጨልም ቀኙ ሁለቱንም ሥራ ይሠራለት ኖሯል። ሰሞኑን ግራ ትከሻው በየበሩ መቃን እየተላተመ ሲሰነብት እኔ በእርጅና ቀልጄበት ነበር።

ጋሼ ጠብታ ፕላስተሩን ያነሡት ጀመር። «ቀስ ይበሉ፣ ቅንድቤን ለልጆቼ ላውርሰው» አለ ወንድም ጋሼ።

አዲሱ ሐኪም ወጥቶ ሁለቱንም ዓይን ለካ፤ በመሣሪያውም ከኋላ ያለውን ነርቭ አየ። የቀኙን ግፊት ጠብታው ይዞታል። የግራው ግን ከጠብታው በላይ ሄዷል፤ ነርቩም ተጎድቷል። ያን ዕለት መከፈት የነበረበት ግራው ነው። ሐኪሙ «በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ የትኛው ዓይን እንደሆነ እኔም እጠይቃቸው ነበር» አለኝ ሊያጽናናኝ። ወንድሜ ግን ያን ጊዜም የሚጠቁመው ቀኙን ነበር። የተሻለውን ዓይን በከንቱ ከፍተው፣ የሚጠፋውን ወደ ቤቱ መልሰው ይሰዱት ነበር።

ቀዶ ጥገናው በሚሠራበት ሰዓት ጋሼ ጠብታ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ካርዱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጽፈዋል፦ ግራ ዓይን፣ ከባድ ደረጃ፤ ቀኝ ዓይን፣ ቀላል ደረጃ። የግላኮማውን ዓይነትና የተለካውን ግፊት ለየዓይኑ አስፍረው፣ ከሥሩ ስማቸውን ፈርመዋል።

«መምህር፣ እኔ ስህተቴ ይታያል ብዬ ነበር የምፈራው» አሉኝ። «ዛሬ ደግሞ ያልታየው ስህተቴ ያስፈራኝ ጀመር። እዚያ መደርደሪያ ላይ ስንት ‹ሁለቱም› አለ መሰለዎት? ሁሉም በእኔ እጅ የተጻፈ ነው።»

«አሁንስ ምን ያስባሉ?» አልኳቸው።

«ታማሚዎቹን እጠራቸዋለኋ! እያንዳንዱን ዓይን ለብቻው አስሸፍኜ አያለሁ። ያቺ ልጅ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ያላወቅሁትን ‹ሊለይ አልቻለም› እላለሁ፤ ለሐኪሙም አስተላልፋለሁ። ሊያባርሩኝ ከፈለጉም ጽፌ ያባርሩኝ።»

አላባረሯቸውም። ለክትትል በሄድን ቁጥር ኮሪደሩ ረዝሞ አገኘነው፤ የሚያማርርም አልጠፋም። ከተጠሩት መሐል በጊዜ የተደረሰላቸው አሉ። አንዲት ሸማኔ ግን አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ይህንንም ጋሼ ጠብታ ለማንም አልተዉም፤ እጃቸውን ይዘው ራሳቸው ነገሯቸው፤ ከዚያም በካርዱ ላይ ጻፉት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያወራሁህ ስለ ፊደልና ቁጥር ልሰብክህ አይደለም። ለየዓይኑ ለይቶ የሚጽፍ ነርስ ለይቶ ለማየት ይገደዳል፤ ለይቶ ያየ ደግሞ የሚጠፋውን ሳይጠፋ ይደርስበታል። ሐኪም ቢቀየር፣ ቢታመም፣ ቢሞት፣ የሚያውቀው ነገር ለተረካቢው ይቀራል። የዛሬው ደረጃ ከተጻፈ የከርሞው መባሱ ወይም መቆሙ ይታወቃል። ሠራተኛውም ቢሆን ሲጠየቅ የሚያሳየው አለው። ዘመድህን ይዘህ ስትሄድ የቱ ዓይን፣ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ጠይቅ፤ መጻፉንም እይ። ቢቆጡህ ቻለው።

የወንድም ጋሼ ግራ ዓይን የቀረችውን ብርሃን ይዞ ቆሟል። የሄደው አልተመለሰም፤ አይመለስምም። መንገድ ስንወጣ እሱ አያውቅብኝም እንጂ ቦታ እቀይራለሁ። ልጅ ሳለሁ መኪና እንዳይነካኝ እጄን ጨብጦ ያሻግረኝ የነበረውን ሰው፣ አሁን እኔ በግራው በኩል ሆኜ አሻግረዋለሁ።