ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ስለተለወጠው ብስክሌት

የምስክሩ ስም፦ ይታያል ገብረ ማርያም
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ የመሬት ቅየሳ ባለሙያ
መደበኛ አድራሻ፦ ቢቸና ከተማ
ጊዜያዊ አድራሻ፦ ሞጣ ከተማ፣ የወ/ሮ ፀሐይነሽ አልጋ ቤት፣ ክፍል ቁጥር 6
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡50 ሰዓት
ቦታ፦ ሞጣ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ማናዬ ስጦታው
ጉዳዩ፦ ስለ ብስክሌት መጥፋት፤ ቀደም ሲል የተሰጠ ቃልን ስለማረም

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ ትናንት ነሐሴ 9 ቀን ከምሽቱ 12፡20 ሰዓት ላይ በአልጋ ቤቱ ግቢ ውስጥ ለፖሊስ ቃል ሰጥቼ ፈርሜያለሁ። ያ ቃል እውነት አይደለም። ሐሰተኛ ቃል መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ተነግሮኛል። ዛሬ የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው።

ነሐሴ 5 ቀን ከባለቤቴ ከወ/ሮ ውቢትና ከሁለት ሴቶች ልጆቼ፣ ለዓመት ፈቃዷ ከሐዋሳ ከመጣችው እህቴ ከጸደንያና ከአባቴ ከመሪጌታ ገብረ ማርያም ጋር ከቢቸና ወደ ሞጣ መጣን። አሳባችን አንድ ሳምንት ለማረፍና አባቴ በወጣትነታቸው ያገለገሉበትን ደብር እንዲያዩት ነበር። አባቴ 81 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በወ/ሮ ፀሐይነሽ አልጋ ቤት የተገኙት ክፍሎች ሁሉም ፎቅ ላይ ስለነበሩና አባቴ ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ፣ ለእርሳቸው በአቶ ወልደ ኪዳን አልጋ ቤት ምድር ላይ ያለ ክፍል ያዝንላቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው 640 ሜትር ነው። በሙያ ልማድ በእርምጃ ለክቼዋለሁ። መንገዱ ለውሃ ቧንቧ ስለተቆፈረ ባጃጅ አያስገባም።

አባቴ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ የሆቴል ምግብም አይቀምሱም። ድስቱን ፍስክ ነክቶታል ይላሉ። ስለዚህ ባለቤቴ በአልጋ ቤቱ ማብሰያ ክፍል፣ ለዚሁ ብላ በገዛችው ድስት ሽሮ እየሠራች በምሳ ዕቃ ታቀርብልኛለች፤ እኔ አደርሳለሁ። በመጀመሪያው ቀን በእግሬ ስሄድ ስላረፈድኩ፣ የአልጋ ቤቱ ዘበኛ አቶ ፋንታ ይታገስ ብስክሌታቸውን ሰጡኝ። አቶ ፋንታ 58 ዓመታቸው ነው፤ እኔ የምጠራቸው ጋሽ ፋንታ ብዬ ነው። «ለመሪጌታ ምሳ ከሆነ ይውሰዱት፤ ለሽርሽር ከሆነ ግን ጎማዬን እንዳይጨርሱብኝ» አሉኝ። ብስክሌት ከነዳሁ ሃያ ዓመት ስላለፈኝ ገና ከበሩ ሳልርቅ ጭቃ ላይ ወደቅሁ። እህቴ ከፎቅ ሆና፣ «ቀያሹ ዛሬ መሬቱን በቁመቱ ለካው!» ብላ ስትጮህ ጋሽ ፋንታም ሳቁ። ምሳ ዕቃውን ግን አላፈሰስኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ በዚሁ ብስክሌት ተመላልሻለሁ። ቀን ቀን ልጆቼም በግቢው ውስጥ ይማሩበት ነበር፤ ጋሽ ፋንታ ኮርቻውን ከኋላ ይዘው እየሮጡ ያስተምሯቸው ነበር።

ትናንት ነሐሴ 9 ቀን፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡45 ሰዓት ገደማ ምሳ ዕቃውን እጀታው ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ይዘንብ ነበር። ከሁለቱ አልጋ ቤቶች መካከል አባቴ ያገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን አለ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን በር ስደርስ ወርጄ ሳልሳለም አላልፍም። ብስክሌቱን አጥሩን አስደግፌ፣ ምሳ ዕቃውን ውሻ እንዳይነካው በእጄ ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ቅዳሴው አላለቀም። ካህኑ ሲባርኩ ስለሰማሁ ትንሽ ቆሜ ጸለይኩ። ስመለስ በችኮላ ብስክሌቱን አንስቼ ሄድኩ። በአጥሩ ላይ ሌላ ብስክሌት መኖሩን አላስተዋልኩም። በክረምት የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ኮርቻው እንዳይርስ ጥቁር ፌስታል ያስርበታል፤ ሁለቱም ፌስታል ታስሮባቸው ነበር። የዝናብ ልብሴ ቆብም ዓይኔ ላይ ወርዶ ነበር።

ስህተቱን ያወቅሁት 9፡00 ሰዓት ሲሆን፣ የአባቴ በር ላይ ስወርድ ነው። የጋሽ ፋንታ ብስክሌት የግራ ፔዳሉ በጎማ የተጠቀለለ ነው፤ ይህኛው ፔዳሉ አዲስ ነበር። ያኔውኑ ለምን አልመለስክም ተብዬ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ፦ አባቴ ሰዓቱን እየጠበቁ ስለነበር አስቀድሜ ላብላቸው፣ ስመለስ እለውጠዋለሁ ብዬ ነው። እስከዚህ ድረስ የሠራሁት ስህተት እንጂ ጥፋት አልነበረም። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ጥፋት ነው።

አባቴ በልተው ከጸለዩ በኋላ፣ 10፡00 ሰዓት ገደማ ብስክሌቱን እየገፋሁ ስመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ቆመው አየሁ። አንድ ሰው በአጥሩ ላይ የቀረውን ብስክሌት ይዞ፣ «ይሄ የፋንታ ነው! የፀሐይነሽ ዘበኛ!» ይል ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ፣ «ሰው ቆሞ ሲያስቀድስ አሮጌውን ትቶ አዲሱን ይዞ ሄደ? ይሄስ ሌባም አይባል» ብላ ጮኸች። ከእነርሱ እስከ እኔ ስድሳ ሜትር ቢሆን ነው። ቀርቤ «እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው» ብል ጉዳዩ በሳቅ ያልቅ ነበር። ነገር ግን አባቴ በዋዜማው በዚያው በር ሲገቡ ሽማግሌዎቹ ትከሻቸውን እየሳሙ «የመሪጌታ ልጅ» እያሉ እኔንም ስመውኝ ነበር። በዚያ ሕዝብ ፊት የሰው ብስክሌት እየገፋሁ መታየት አፈርኩ። ተመልሼ በጓሮ መንገድ ዞርኩ፤ ብስክሌቱንም በአልጋ ቤቱ የጓሮ በር አስገብቼ ጋሽ ፋንታ ሁልጊዜ በሚያቆሙበት ቆርቆሮ ሥር አቆምኩት። ጋሽ ፋንታ በፊት ለፊቱ በር ላይ ስለነበሩ አላዩኝም። ሕዝቡ ሲበተን መልሼ አጥሩ ላይ አስደግፈዋለሁ ብዬ አሰብኩ።

ከቀኑ 11፡30 ሰዓት ላይ ሁለት ፖሊሶች ከብስክሌቱ ባለቤት ጋር መጡ። ባለቤቱ አቶ አካለ ወልድ የሚባሉ ግንበኛ ናቸው፤ በየገጠሩ እየዞሩ የሚሠሩት በዚሁ ብስክሌት ነው። ቆርቆሮው ሥር ሲያዩት፣ «ይኸው! ይኸው እቃዬ!» አሉ። ጋሽ ፋንታ ደንግጠው ብስክሌቱን ዞረው አዩትና፣ «ይሄ የኔ አይደለም። የኔስ የት አለ?» አሉ። ማን ይዞት እንደነበር ሲጠየቁ፣ «እንግዳው ናቸው፤ የአባታቸውን ምሳ ያደርሱበታል» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። እኔ፣ ባለቤቴና እህቴ ደረጃው ላይ ቆመን ነበር፤ ልጆቼም ከኋላችን ነበሩ። ፖሊሱ ሲጠይቀኝ፣ «ዛሬ ብስክሌት አልያዝኩም፤ በእግሬ ነው የሄድኩት» አልኩ።

ምሳ ዕቃውን በእጄ የሰጠችኝ፣ ብስክሌቱ ላይ ስወጣም ያየችኝ ባለቤቴ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ አየችኝና ወደ ማብሰያው ክፍል ገባች። እህቴ መሬት መሬት አየች። ሌላ ማንም አልተጠየቀም። ጋሽ ፋንታ ይጮሁብኛል፣ ውሸታም ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ፖሊሱ ዞረው፣ «እንግዳ ናቸው፤ ረስተው ይሆናል። ቀን ሁሉ ስለሚመላለሱ ነው» አሉ። በዚህ ጊዜ እንኳ ቃሌን አላነሣሁም። 12፡20 ሰዓት ላይ የተጻፈው ተነበበልኝ፤ ፈረምኩ። እህቴ ልጆቹን ወደ ክፍል ካስገባች በኋላ፣ ጋሽ ፋንታ ጋቢያቸውን እንዲይዙ ተፈቅዶላቸው ተወሰዱ። ወ/ሮ ፀሐይነሽ፣ «አሥራ አንድ ዓመት ቁልፌን አምኜ የሰጠሁት ሰው! ቢፈታም እዚህ በር ላይ አይቆምም» ብለው ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ለዛሬ ጠዋት ወደ ቢቸና የሚመልሰን መኪና አፈላለግሁ። ለቤተሰቤ ምክንያቱ ዝናቡ ነው አልኩ። ባለቤቴ ውቢት፣ «አንተ ሂድ። እኔ ዘበኛውን አሳስሬ አልሄድም» አለችኝ። ትንሿ ልጄ ዛሬ ጠዋት ጋሽ ፋንታ የት እንደሄዱ ጠየቀችኝ፤ ወደ አገራቸው ወደ የጁቤ ሄደዋል አልኳት። ይህም ሐሰት ነው።

ዛሬ ባለቤቴ እንደ ወትሮው ሽሮውን ሠርታ ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። በእግሬ ሄጄ 9፡10 ሰዓት ላይ ደረስኩ። አባቴ ሰዓት ይቆጥራሉ፤ «ዛሬ አረፈድክ። ብስክሌቱስ?» አሉኝ። መጀመሪያ ተበላሸ ልል ነበር። አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ በሩ ላይ ሕዝቡን አይቼ ስለመመለሴ፣ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ፊርማው። አባቴ የቆሎ ተማሪ ሲገርፉ የኖሩ መምህር ናቸው፤ እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጡኝም። ከፍተውት የነበረውን ምሳ ዕቃ መልሰው ከደኑት። «ያ ሰው ይጾማል?» አሉኝ። ይጾማሉ አልኳቸው። «ዘመድ አለው እዚህ?» አሉኝ። ቤተሰባቸው የጁቤ እንደሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያስ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ይህን ውሰድለት። በኔ ስም ካፈርክ፣ በኔ ስም ደግሞ ተናገር» አሉኝ። እርሳቸውስ ምን እንደሚበሉ ስጠይቃቸው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

9፡40 ሰዓት ላይ እዚህ ጣቢያ ደርሼ፣ ምሳ ዕቃው በጥበቃ አባል ከታየ በኋላ ለጋሽ ፋንታ በእጄ እንድሰጥ ተፈቀደልኝ። ብስክሌቱን የወሰድኩት እኔ እንደሆንኩና ይህንኑ ለመናገር እንደመጣሁ ገለጽኩላቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ። ለምን ትናንት አጥብቀው እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው። «ልጆችዎ ቆመው ነበር» አሉ። ምሳ ዕቃውን ሲከፍቱ የባለቤቴን አሠራር አውቀውት፣ «ይሄ የመሪጌታ ነው። እሳቸው በሉ?» አሉኝ። አልበሉም አልኳቸው። ከትናንት ወዲህ ለእርሳቸው የመለስኩት የመጀመሪያ እውነተኛ መልስ ይህ ነው። እንጀራውን መሐል ለመሐል ቆርሰው ግማሹን በክዳኑ ላይ ተመገቡ፤ ግማሹን መልሰው አስረው ሰጡኝ። አሁን ከፊቴ ጠረጴዛው ላይ ያለው ምሳ ዕቃ ይኸው ነው።

የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ፦ አቶ አካለ ወልድን ላስቀረሁባቸው የሥራ ቀን ይቅርታ ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ። ለወ/ሮ ፀሐይነሽም ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። የአቶ ፋንታ ስም የጠፋው በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስለሆነ፣ ነገ እሑድ ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አባቴን ደግፌ ይዤ በዚያው በር ቆሜ፣ ሌባ የተባለው ሰው እንዳልሰረቀ፣ የዋሸሁትም እኔ እንደሆንኩ እናገራለሁ። ይህን የማደርገው ፖሊስ አዝዞኝ አይደለም። ለልጆቼም ከዚያ በፊት እነግራቸዋለሁ።

አቶ ፋንታ ይታገስ ከዚህ ጉዳይ ንጹሕ ናቸው። በነሐሴ 9 ቀን የሰጠሁት ቃል እንዲሰረዝና እርሳቸው አሁኑኑ እንዲለቀቁ እጠይቃለሁ። በሐሰት ቃሌ ምክንያት ሕጉ የሚጠይቀኝን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን እዚህ ከመያዜ በፊት አባቴ እስካሁን ስላልበሉ፣ የተረፈውን ግማሽ አድርሼላቸው እንድመለስ ይፈቀድልኝ።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ፣ ያልኩት እንደተጻፈ አረጋግጫለሁ። ትናንት በፈረምኩበት በዚሁ እጅ፣ የዛሬው እውነት መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ይታያል ገብረ ማርያም
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ማናዬ ስጦታው
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 11፡05

ማስታወሻ፦ ምስክሩ 11፡10 ሰዓት ላይ ምሳ ለማድረስ ተፈቅዶለት ወጥቷል። አቶ ፋንታ ይታገስ በዚያው ሰዓት ተለቅቀዋል። በአጥሩ ላይ ተገኝቶ በጣቢያው የተያዘውን ብስክሌታቸውን ፈርመው ከተረከቡ በኋላ፣ ምሳው እንዳይረፍድ በማለት ለምስክሩ ሰጥተውታል። ማ.ስ.