የፍየሎቹ ስም በስልክ አይነገርም

ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ወጣት መምህርና አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከፊቴ ተቀምጠው ነበር፤ ወሬያቸው ስለጣፈጠኝ ጆሮዬ ላይ የሰካሁትን ሙዚቃ አጠፋሁ።

«መምህር፣ በሥራ ቀን ወዴት ነው?» አሉት።

«ቤቴ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር አድርጌ ፓስወርዶቼን ሁሉ እሱ ላይ ቆልፌ ነበር፣ እትዬ። የሱ የራሱ መክፈቻ ጠፋብኝ።»

«ጎሽ! ከሌባም ከባለቤቱም ጠብቀኸዋል።»

«የማስተርስ ማመልከቻ ነገ ይዘጋል፤ የምገባበት ፓስወርድ እዚያው ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ባምባሲ ምን አለ?»

«አክስቴ። መክፈቻው የአራት ፍየሎቿ ስም ነው፣ በተወለዱበት ቅደም ተከተል። ሦስተኛዋን ረሳኋት።»

«ደውለህ አትጠይቃትም?»

«ደወልኩ እንጂ! ‹እኔ ነኝ ብልሽ እንኳ በስልክ እንዳትናገሪ› ብዬ አስጠንቅቄያት ነበር። ‹አደራ ነው፤ ፊትህን ሳላይ አልናገርም› ብላ ዘጋችብኝ።»

«እሰይ! ከሰርቨርህ እሷ ትበልጣለች።»

«የፓስወርዶቹ ግልባጭም፣ በዚያው መክፈቻ እንደተቆለፈ፣ በፍላሽ ሆኖ እሷ ሣጥን ውስጥ ነው። ላፕቶፑ ቢቃጠል እንኳ አልፈራም።»

«ግን እኮ የፍየል ስም መሆኑን ለታክሲው ሁሉ ነገርከን!»

ሳቀና አንገቱን አከከ። «ማመልከቻውን እንደላክሁ ዛሬውኑ እቀይረዋለሁ።»

ስልኩ ጮኸ። አዳመጠና ፊቱ በራ።

«አክስቴ ናት፤ መናኸሪያ እየጠበቀችኝ ነው። ‹ሁለተኛ እንዳትረሳቸው አራቱንም ይዣቸው መጥቻለሁ› ትላለች።»

እኔም ባምባሲ እስክንገባ ድረስ በመንገዱ ዳር ላየኋት ፍየል ሁሉ በልቤ ስም አወጣሁላት።