ደምሴ አይብ የሸጠ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ማር ሊገዛ ገበያ የሚወጣ ሰው የሚይዘው ዕቃ ማሰሮና ዘንቢል ነው። ክብሪት ይዞ የሚሄድ አላየንም። እኔ ግን በስተርጅና አየሁ፤ ያውም በገዛ ወንድሜ። ቆዩ፣ አትሳቁ፣ ገና መች ጀመርኩና።

ደምሴን ታውቁታላችሁ፣ ታናሼ፣ አዲስ አበባ የሚኖረው፣ ዕድሜውን ሁሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ አሁን ጡረታ የወጣው። ደግ ሰው ነው፣ እጁም አይሰስትም፣ ግን ሰው አያምንም። አንድ ጊዜ እዚያው ከተማ ስኳር ያለበት ማር ሸጡለትና ከዚያ ወዲህ በቃ፣ ለእሱ ማር የያዘ ሁሉ ሌባ ነው።

ታዲያ የመጨረሻ ልጄ፣ የሰላም ሰርግ ደረሰ። ጠጅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ዛሬ ጥለሽው ነገ አይጠጣም። ጋኑን አጥቤ አጥኜ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ማርና ጌሾ ነው። ያ ቅዳሜ ካለፈ ጠጁ ለሰርጉ አይደርስም። ለአማቾቼ ምን ላቀርብ ነው፣ ለስላሳ? እናንተስ ለስላሳም ይበቃችኋል፣ የሙሽራው አባት ግን ጠጅ አዋቂ ነው ተብዬ ከወዲሁ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እኔ ማር የምገዛው ከመናገሻ ወዲያ ካለችው መንደር ነው፣ ከቅዳሜ ገበያዋ። እዚያ ነጋዴ የለም፤ ቀፎ ያለው ማሩን፣ ጓሮው ጌሾ ያለው ጌሾውን፣ ላም ያላት ቅቤዋን ራሳቸው ይዘው ይወጣሉ። አሁን አሁን የአዲስ አበባ ሰዎች «የጠጅ አገር» እያሉ በመኪና እየመጡ በስልክ ሲያነሱት ይውላሉ። እኔ ደንበኛዬ ኦቦ ቶላ ነው። የኦቦ ቶላ አባት ለእናቴ ይሸጡ ነበር፣ አምነን እንገዛለን እንጂ ቀምሰንም አናውቅ።

እና ደምሴ ደወለ። «እትዬ፣ በመኪናዬ አደርስሻለሁ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ በሚኒባስ ከምጋፋ ብዬ። ምን አውቄ።

ገና ገፈርሳን ሳናልፍ ጀመረ። «እትዬ፣ ዛሬ ዝም ብለሽ እይ። እኔ ነኝ የምፈትነው» አለኝ። «ምኑን ነው የምትፈትነው?» አልኩት። «ማሩን። በክብሪት ይታወቃል። እንጨቱን ማሩ ውስጥ ነክረሽ ትጭሪዋለሽ፤ ከነደደ ንጹህ ነው፣ ካልነደደ ውሃ አለበት።» «ማን ነገረህ?» «ስልክ ላይ አየሁ።» «ደምሴ፣ በእናትህ፣ ኦቦ ቶላ ፊት እንዳታደርገው» አልኩት። «እሺ» አለ። የእሱን እሺ እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጅ ሆኖም እንዲያው ነው፣ እሺ ይልና ያንኑ ያደርገዋል።

ደረስን። ኦቦ ቶላ ገና ሲያየኝ ከመቀመጫው ተነሳ። «አካም፣ ዘነበች፣ ነጋ?» አለኝ፣ ሰላም ነሽ ወይ ማለቱ ነው። «ነጋ፣ ኦቦ ቶላ፣ ነጋ» አልኩት። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰርጉ። ታዲያ ሰው እንዲህ ተጠያይቆ አይደል የሚገበያየው? ደምሴ ከኋላዬ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እትዬ፣ መሸ» ይላል። ገና ረፋድ ነው።

ኦቦ ቶላ የማሩን ክዳን ከፈተ። ነጭ ማር፣ ሰፈፉ ከላይ እንደ ቅቤ የተኛ። እና እኔ ማሰሮዬን ላውጣ ብዬ ጎንበስ ስል ይሄ ሰውዬ የክብሪት እንጨቱን ማሩ ውስጥ ሰካው። ሰካው ነው የምላችሁ። አውጥቶ ጫረ፣ አልነደደም። ደግሞ ጫረ፣ አልነደደም። «ይኸው» አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይኸው፣ አላልኩሽም? ውሃ አለበት።»

ኦቦ ቶላ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክዳኑን ቀስ ብሎ ገጠመና «ማሬ አይሸጥም» አለ። «ኦቦ ቶላ፣ ወንድሜ ነው፣ አያውቅም፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አልኩ። «አንቺን አልተቀየምኩም፤ ማሬ ግን ለዚህ ሰው አይሸጥም።» «ለእሱ አይደለም እኮ፣ ለሰላም ሰርግ ነው።» ማሩን ወደ ኋላው ሳበ። ፊቴ እንዴት እንደጋለ አልነግራችሁም።

ይሄ ይብቃ አይደል? አልበቃም። ደምሴ ቢሸነፍ ሞት ነውና «እንጨቱ ረጥቦ ይሆናል፣ በሌላ ልየው» ብሎ ደረቁን ጫረው። ያ ነደደ። ነፋስ ነበርና ጣቱን ሲለበልበው ወረወረው። የት? አጠገባችን ቅቤና አይብ የምትሸጥ ሴት አለች፣ አዴ ጫልቱ የምትባል። ቅቤዋን የምትጠቀልልበት ደረቅ ኮባ ከጎኗ ተከምሯል። ክብሪቱ እዚያ ላይ አረፈ።

ኮባው ቦግ አለ። ሴቶቹ ቅቤውንና አይቡን እያነሱ ሸሹ፣ አዴ ጫልቱ የአጓት ገንቦዋን አንስታ ገለበጠችበት። ጠፋ። ሰው አልተጎዳ፣ ቅቤውም ተርፏል፣ ግን ኮባው አመድ፣ የደምሴ ሱሪ እስከ ጉልበቱ አጓት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ ደምሴ ምን ያደርጋል? ኪሱ ገባ። «እከፍላለሁ፣ ስንት ነው?» አለ። አዴ ጫልቱ አየችው፣ ከላይ እስከ ታች። «አባት፣ ብርዎን ያስቀምጡ» አለችው፣ በአክብሮት ነው ደግሞ። «ብር ቅቤ ይጠቀለልበታል? እኔ ቤቴ ሄጄ ኮባ ቆርጬ መምጣት አለብኝ። ደንበኞቼ የሚመጡት አሁን ነው። እርስዎ እዚህ ይቀመጡና አይቡን ይሽጡልኝ።» «እኔ?» አለ ደምሴ። «ክብሪቱን የወረወረው ማን ነው?» አለችው።

ኦቦ ቶላ ያኔ ገና አፉን ፈታ። «ዘነበች» አለኝ፣ «ይሄ ሰው አይቡን ሸጦ ከጨረሰ ማሩን ትወስጂያለሽ። ካልጨረሰ የለም።»

እንግዲህ የልጄ የሰርግ ጠጅ በደምሴ እጅ ወደቀ። አስቡት። ደምሴ አይብ ሲሸጥ። «ደምሴ፣ ተቀመጥ» አልኩት። «እትዬ፣ ሰው ቢያየኝስ?» «ይይህ፤ ተቀመጥ።» ተቀመጠ፣ በዚያች አጭር በርጩማ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ።

መጀመሪያ የመጣችው መነጽር ያደረገች የከተማ ሴት ናት። ጣቷን አይቡ ላይ ሰደደች። ቆንጥራ ቀመሰች። «ኮምጠጥ አላለም?» አለችው። ደግማ ቆነጠረች። «የትናንት ነው መሰለኝ» አለች። ወንድሜ ቀላ። «እመቤቴ» አላት፣ «የዛሬ ጠዋት ነው።» «ማን ያውቃል» ብላው ሄደች። ሌላው ሰውዬ አሸተተው። አንዱ ደግሞ «ዱቄት አልገባበትም?» አለው። ደምሴ ከበርጩማው ተነሳ። «ወንድሜ፣ አይብ ውስጥ ዱቄት ማን ይጨምራል? ሰው አታምንም እንዴ?» አለው። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደምሴ ነው እኮ እንዲህ ያለው። ኦቦ ቶላ ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን ተናድጄ መሳቅም አቃተኝ።

ታዲያ ቀስ በቀስ ነገሩ ገባው መሰለኝ። ለሚመጣው ሰው ቀድሞ ሰላምታ መስጠት ጀመረ። በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛው «አካም ጅርቱ» ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ ይገዛል። አዴ ጫልቱ ኮባዋን ተሸክማ ስትመለስ አንዲት ቁራሽ አይብ አልቀረችም። አመሰገነችው። እሱ ደግሞ ሄደና ኦቦ ቶላ ፊት ቆመ። «ኦቦ፣ አጥፍቻለሁ» አለ። ይሄን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። «ኮቱ፣ ና ተቀመጥ» አለው ኦቦ ቶላ፣ አጠገቡ ቦታ ለቆለት፣ ማሩንም ራሱ ማሰሮዬ ውስጥ ቀዳልኝ።

ጠጁን ጣልኩ፣ ደረሰ፣ ሰርጉም ሆነ። እዚህ ላይ ባበቃልኝ። ግን ደምሴ ነው። አማቾቼ በተሰበሰቡበት ብርሌውን አንስቶ፣ ወደ ብርሃን አድርጎ አየና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እትዬ፣ ማሩስ የኦቦ ቶላ ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ውሃው ግን አልበዛብሽም?» አለኝ።

«ወይ እትዬ ዘነበች፣ ታዲያ እርስዎ ምን አሉት?»

ምን እለዋለሁ፣ ልጄ። ብርሌውን ከእጁ ተቀብዬ ለሙሽራው አባት ሰጠሁት። ሰውዬው እስከ ታች ጠጣው፣ ከዚያ ብርሌውን ወደ እኔ ዘረጋ፣ እንድደግመው።